አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ሰው፦ ስለ ዙፋን፣ ስለ ወራሽና ስለ መውጫው በር

የእናቴ የድሮ መታወቂያ የትውልድ ቦታዋን «አሰበ ተፈሪ» ይለዋል። የእኔ ደግሞ «ጭሮ» ይላል። ሁለታችንም የተወለድነው አንድ ሰፈር ውስጥ ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ከሌላ አገር የመጣች ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአዳማ ወደ ቤት ልሄድ መኪና ውስጥ ገብቻለሁ፤ ረዳቱ «ጭሮ! ጭሮ!» እያለ ይጣራል። ከኋላዬ የተቀመጡ አዛውንት በስልክ «ማታ አሰበ ተፈሪ እገባለሁ» አሉ። ረዳቱ ሰማቸውና «አባባ፣ አሰበ ተፈሪ እኮ ቀረ» አላቸው። «አቦ ተወኝ ልጄ! ቀረም አልቀረም እኔ የምወርደው እዚያው ነው» ብለው መለሱለት። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ነገሩ አሁንም ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቦርሳዬ ውስጥ ያቺን ከተማ የቆረቆሩት ሰውዬ የጻፉት የሕይወት ታሪክ ነበርና።

ሰውየው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስለ መጽሐፋቸው ነው፤ ግን ስለ እሱ ብቻ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት በሕይወታቸው አራት ነገር «ጽፈዋል» ብዬ አስባለሁ፦ አንድ ቲያትር፣ አንድ ከተማ፣ አንድ ሕገ መንግሥትና አንድ የሕይወት ታሪክ። አራቱም በየራሳቸው መንገድ አንድ ጥያቄ ይነካሉ፤ ሥልጣን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እንዴት ይለፍ? የእኔ ክርክር አጭር ነው። እኚህ ሰው፣ ከእሳቸውም ጋር ስለ ነገሥታት የጻፈ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ «ማን ይግባ?» ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። «መቼና በየት በኩል ይውጣ?» ብሎ ግን አይጠይቅም። እኛም አንባቢዎቹ ይህንኑ ተምረን አድገናል።

(ዓመታቱ፣ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር፣ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ወህኒ የሚለው ቃል

ጥያቄው አሮጌ ነው። ንጉሥ ሲሞት ማን ይተካ የሚለውን ችግር አገራችን ለረጅም ዘመን የፈታችው በተራራ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ለዙፋኑ ተስፋ ያላቸውን የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች አምባ ግሸን ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ የተለመደ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ባለሥልጣናቱ ከተራራው አንዱን አውርደው ያነግሣሉ፤ ሌሎቹ እዚያው ይቀራሉ። በጎንደር ዘመን ተራራው ተለወጠና ወህኒ ሆነ። ዛሬ «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚያ አምባ ስም የወረስነውን ነው። እስቲ አስቡት፤ ቋንቋችን ለእስር ቤት ስም ያወጣው ከሌባ ተነሥቶ አይደለም፣ ከንጉሥ ልጅ ተነሥቶ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በኦቶማን ቱርኮች ዘንድ አዲስ ሱልጣን ዙፋን ላይ ሲወጣ ወንድሞቹን ማስገደሉ ለረጅም ጊዜ ሕጋዊ ልማድ ነበር፤ በኋላ ወደ እኛው ዘዴ መጡና ቤተ መንግሥት ውስጥ እየዘጉ ማኖር ጀመሩ። በእኛው መንገድ ላይ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ የምታገኟት ሐረርም የአዳል መቀመጫ የሆነችው በዚህ ዓይነት ግርግር ዘመን ነው። ሱልጣን አቡበክር እ.ኤ.አ. በ1520 መቀመጫውን ወደ ሐረር አዛወረ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በኢማም አሕመድ ተገደለ። ኢማሙ ግን ሱልጣን ልሁን አላለም፤ የሟቹን ወንድም ዑመር ዲንን አስቀምጦ እሱ ገዛ።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጋ ነገሩ ያው ነው። አንዱ እንዲገባ ሌላው መሞት ወይም መታሰር አለበት። ከተራራውና ከሰይፉ ሌላ መውጫ በር አልተሠራም።

መስከረም 17 ቀን 1909

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ፣ ግንቦት 1901፣ የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አወጁ። አዋጁ ከእርግማን ጋር ነበር፤ እሱን አልቀበልም ያለ ጥቁር ውሻ እንዲወልድ ተረገመ። መኳንንቱም ማሉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። ኢያሱም ዘውድ ሳይጭን ገዛ። በ1908 መጨረሻ ላይ ተፈሪ መኰንንን ከሐረር ገዥነት አንሥቶ ወደ ከፋ ሾመው። መስከረም 17 ቀን 1909 ኢያሱ ሐረር ሳለ አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱ ተሰበሰቡ። «ሰልሟል» ተብሎ ተከሰሰ። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነ።

ኢያሱ ወደ አዲስ አበባ ለመዝለቅ ሲሞክር ሚኤሶ ላይ ተገታና ወደ አፋር በረሃ ገባ። ጥቅምት 17 አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። እሱ ራሱ በ1913 ተይዞ ፍቼ ታሰረ። በ1924 አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ። ከዚያ ወደ ሐረርጌ ተመልሶ ጋራ ሙለታ ላይ ታሰረና በ1928 ሞተ።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ሚኤሶ። በታሪክ መጻሕፍት ምዕራብ ሐረርጌ የምትታየው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ሲያልፍባት ወይም ሳያልፍባት ሲቀር። ሁለተኛ፣ እኔው ራሴ አሁን የጻፍኩትን መልሳችሁ አንብቡ። ምኒልክን «አረፉ»፣ ዘውዲቱን «ነገሡ»፣ ኢያሱን ግን «ሞተ» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ብዕሬ በራሱ ሄደ። ስሙ ላይ ሁሌም የምትለጠፈው «ልጅ» የምትለው ማዕረግም ዕድሜ ልኩን እንዳላሳደገችው ትመስለኛለች። በአማርኛችን ተሸናፊ አንቱታ የለውም። ታሪኩ የተፈረደው ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ግሱ ውስጥ ነው።

ያንኑ ቀን የጻፉ እጆች

ያን መስከረም ብዙ ሰው ጽፎታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ላይ ተርከውታል። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» በሚለው ትዝታቸው ያዩትንና የሰሙትን መዝግበዋል። አለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስ የኢያሱንና የዘውዲቱን ዜና መዋዕል ጽፈዋል። ተክለ ሐዋርያትም በራሳቸው የሕይወት ታሪክ ውስጥ አሉበት።

ንጉሡ ሲጽፉ ታሪኩ እንደ ሰነድ ነው። ቀን አለ፣ የመኳንንት ስም አለ፣ የምክር ውሳኔ አለ። አንባቢ ገጹን ሲዘጋ ተፈሪ ወደ ሥልጣን የሄደ ሳይሆን ሥልጣን ወደ ተፈሪ የመጣ ይመስለዋል። ስለ መጽሐፉ ጥበብ ይህን መመስከር አለብኝ፤ አሸናፊ ሆኖ ድሉን በተደራጊ ግስ መጻፍ ቀላል ችሎታ አይደለም። መርስዔ ኀዘን ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። የሊቅ ትዕግሥት አላቸው፣ ወሬውን ከነወዙ ያስቀምጡታል። ስለ ዘመኑ ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብብ ብባል የምመርጠው የእሳቸውን ነው። ዜና መዋዕሉ ደግሞ የድሮውን ሥርዓት ይዞ ይሄዳል፤ የነገሠው ለምን እንደነገሠ ከላይ የታዘዘ ነው፣ የወደቀው ለምን እንደወደቀ ከራሱ ጠባይ ነው።

እነዚህን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳነብ የሚገርመኝ ልዩነታቸው ሳይሆን የሚስማሙበት ነገር ነው። የሚመረመረው ሁሌም ሰውየው ነው። ኢያሱ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም? ልጅ ነበር ወይስ አርቆ አሳቢ? ከሙስሊሙ ጋር የነበረው ቅርበት ጥፋት ነው ወይስ ራእይ? በኛ ዘመን የሚጻፈው መልሱን ገልብጦታል፤ ድሮ ከሃዲ የተባለው ዛሬ አገር አንድ ሊያደርግ የተነሣ ጀግና ነው። ፍርዱ ተገለበጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። አሁንም ስለ ጠባዩ ነው የምንከራከረው።

የማይጠየቀው ጥያቄ ይኼ ነው፤ ኢያሱ መጥፎ ገዥ ቢሆንስ ኖሮ፣ ያለ መሐላ መፍረስና ያለ ሰገሌ የሚወርድበት ምን መንገድ ነበረ? ጥሩ ገዥ ቢሆንስ፣ ከመስከረም 17 የሚያድነው ምን ነበረ? ለሁለቱም መልሱ «ምንም» ነው። እርግማን በር አይሆንም። አዋጁ ሲታወጅ የተረገመው እምቢ ያለ ነው፤ በኋላ የተወገዘው ደግሞ ያንኑ አዋጅ የጠበቀ ሆነ። ሰባት ዓመት ብቻ ነው በመሃል ያለው።

አንድ ሰው፣ አራት ጽሑፎች

ተክለ ሐዋርያትን የምለያቸው ለዚህ ነው። እሳቸው ጥያቄውን ከውስጥ ያውቁታል። በ1876 ተወለዱ፣ ሐረር ራስ መኰንን ቤት አደጉ፣ በ12 ዓመታቸው ዐድዋን አዩ፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ከ1909ኙ መፈንቅል ተሳታፊዎችም አንዱ ናቸው። ስለዚህ ሲጽፉ ዳር ቆመው አይደለም።

የመጀመሪያው ጽሑፋቸው «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ተብሎ የሚቆጠረው። እንስሳት እየተናገሩ የመንግሥትን ብልሽት የሚያሳዩበት ነው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መታገዱ በቲያትር ታሪካችን ሁሌ ይነገራል፤ የጀግና ታሪክ ሆኖ። እውነትም ደፋር ሥራ ነው። ግን ተረት የተሰኘው ቅርጽ አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፤ አንበሳው አንበሳ መሆኑን መቀበል። ሎሌውን ቀበሮ ልትስቁበት ትችላላችሁ፣ አንበሳውን ሆዳም ልትሉት ትችላላችሁ፤ «ለምን አንበሳ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ተረቱ ይፈርሳል። አንበሳ የሥራ ዘመን የለውም፤ አንበሳ ሆኖ ይወለዳል፣ አንበሳ ሆኖ ይሞታል። ስለዚህ ፋቡላ አገዛዙን ይወቅሳል፣ ሽግግሩን ግን ሊያስበው አይችልም። ይህን የምለው ደራሲውን ለመክሰስ አይደለም። ቅርጹ ነው ከዚያ በላይ የማያስኬደው።

ሁለተኛው ጽሑፋቸው የእኛ ከተማ ነው። በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ። የአውራጃውን መቀመጫ ከኩኒ አንሥተው አዲስ ከተማ ቆረቆሩ፣ ጨርጨርንም የሥርዓት ማሳያ፣ «ሞዴል» አውራጃ ሊያደርጉት ሞከሩ። ለከተማዋ የተሰጣት ስም ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ለነበረው ለተፈሪ ነው። ስሙን ስትሰሙት «ተፈሪ አሰበ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይመስላል። ግዕዝ ላወቀ ጆሮ ደግሞ «ዐስብ» ዋጋ፣ ደመወዝ፣ ብድራት ማለት ነው፤ «የተፈሪ ዋጋ» ተብሎም ሊሰማ ይችላል። ይህን የቃል ጨዋታ እንደ ታሪክ አላቀርበውም፤ እንደ አንባቢ ግን ሁለቱም ይጣፍጡኛል። የሰገሌ ድል ያመጣው ሰው ሐሳብም ዋጋም እዚያ ኮረብታ ሥር ከተማ ሆኖ ተቀመጠ።

ከተማዋ የመንበሩን ታሪክ በስሟ ተሸክማ ኖረች። ጣሊያን መጣና «አስባ ሊቶሪያ» አላት። እስቲ ይኼን ተመልከቱ፦ ፋሺስቱ «አስባ»ን ትቶ «ተፈሪ»ን ብቻ ፍቆ የራሱን ጣለበት። ጣሊያን ሲሄድ ተፈሪ ተመለሰ። በኋላ ደግሞ ጭሮ ሆነች፤ ቦታውን የሚያውቀው ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚጠራበት ስም። በኔ እምነት ይህ የመጨረሻው ለውጥ ከፊተኞቹ ይለያል፤ ገዥ በገዥ ሲተካ ሳይሆን አንድ ቦታ ከገዥ ስም ሲወጣ ነውና። የእናቴን መታወቂያ ግን አይቀይረውም። አባባም መውረጃቸው እዚያው ነው።

ሦስተኛው ጽሑፍ ትልቁ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የታወጀውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ተመልክተው። 55 አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 3 ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወለዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ለዘለዓለም ጸንቶ እንዲኖር ይደነግጋል። አንቀጽ 5 ንጉሠ ነገሥቱ የማይደፈር መሆኑን ይናገራል።

የሕግ ሰው ይህን እንደ ሕግ ያነባል። እኔ እንደ ድርሰት አነበብኩት። እንደ ድርሰት ስታነቡት አንድ ያልተጻፈ ገጸ ባሕርይ በየመስመሩ መሃል ቆሞ ታያላችሁ። ኢያሱ የሣህለ ሥላሴ ዘር ነው፣ የምኒልክ የልጅ ልጅ ነው፤ ሕጉ ሲታወጅም ሞቶ አልነበረም፤ ፍቼ ታስሮ በሕይወት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ መጋቢት 1922፣ የዘውዲቱ ባል የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ተዋግተው ወድቀዋል። በዚህ ሁሉ መሃል አንቀጽ 3 የሚያደርገው ሣህለ ሥላሴ ላይ ቆሞ መቅረት አይደለም፤ ወርዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ላይ ይደርስና በሩን ከኋላው ይዘጋዋል። «ለዘለዓለም» የምትለዋ ቃል በዚያ አንቀጽ ውስጥ ጌጥ አይደለችም፣ መቀርቀሪያ ናት።

ልብ በሉ፣ ይህ በጊዜው እርምጃ ነበር። ተራራ ላይ ከማሰር ወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል። እንደ ሰውየው ሆኜ ሳስበው ይገባኛል፤ አንድ መፈንቅል አይቷል፣ ያንን ዓይነት ደም ዳግመኛ ማየት አይፈልግም፣ ስለዚህ ማን እንደሚገባ ጥርጥር እንዳይኖር ጻፈ። የረሳው ነገር ቢኖር ዙፋኑ ላይ ያለው ሰው ራሱ ችግር የሚሆንበትን ቀን ነው። ለዚያ ቀን አንድም አንቀጽ የለም።

ያ ቀን መጣ። ታኅሣሥ 1953 የመፈንቅሉ መሪዎች መግለጫውን በሬዲዮ ያነበቡት በአልጋ ወራሹ በአስፋ ወሰን ድምፅ ነው። በ1965 አስፋ ወሰን ታመመና ለሕክምና ውጭ ወጣ። በ1966 ልጁ ዘርአ ያዕቆብ ወራሽ ተባለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ፣ ውጭ ያለው አስፋ ወሰን መጥቶ ይንገሥ ብሎ ነበር፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ዘውዱን እራሱን ሻረው። ማን ይግባ ለሚለው ጥያቄ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ መልስ ነበረ፤ እንዲያውም አንድ አልጋ ወራሽና አንድ ተጠባባቂ። ያልነበረው መውጫው ነው።

ተክለ ሐዋርያት ያረፉት በ1969 ነው። አንቀጽ 3ን ያረቀቀው ሰው «ለዘለዓለም» የቆየችበትን ልክ ቆጥሮ አለፈ፤ 43 ዓመት ከሁለት ወር አካባቢ።

አራተኛው፦ የሕይወት ታሪኩ

የሕይወት ታሪኩ በ1999 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ፤ ደራሲው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ። ያላነበባችሁት ካላችሁ አንብቡት። አማርኛው የሚቸኩል ሰው አማርኛ ነው፤ ቤተ መንግሥቱን አያሞግስም፣ ያገዛቸውንም የተጣላቸውንም አይምርም። ራሱን ያነገሠ ሰው እንጂ ሌላ ሰው ያነገሠ ሰው እንዲህ ሲጽፍ ብዙ አላየሁም። የልጅነቱ ክፍል፣ ከሐረር እስከ ሩሲያ፣ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል።

ታዲያ ችግሬ ምንድነው? ችግሬ ይህን ያህል የሚያይ ዓይን ኖሮት እንኳ የሚያየው ሰው ብቻ መሆኑ ነው። በኔ ንባብ መጽሐፉ ውስጥ ሁሉም በአንድ ፈተና ያልፋል፦ የተማረ ነው ወይስ ያልተማረ? ምክር ይሰማል ወይስ አይሰማም? ኢያሱ አልሰማም፣ ስለዚህ ይውረድ። ተፈሪ ይሰማል፣ ስለዚህ ይውጣ። በኋላ ተፈሪም መስማት ሲያቆም የሚተርፈው ቅሬታ ነው። የመካሪ ቅሬታ ደግሞ የራሱ ውበት አለው፤ «እኔን ቢሰሙኝ ኖሮ» የምትለው ዜማ ከገጽ ወደ ገጽ ትከተላችኋለች። ንጉሥ ባይሰማስ የሚሰማበት መንገድ ምን ይሁን የሚለው ግን አይመጣም። መካሪው ሁሌም የተሻለ ጆሮ ያለው ንጉሥ ነው የሚፈልገው።

እዚህ ላይ ራሴንም መክሰስ አለብኝ። እኛስ? ካፌ ተቀምጠን ስለ ዛሬ ስናወራ ምንድነው የምንለው? «እሱ ቢሆን ኖሮ»፣ «አይ እሱ አይሆንም፣ ያኛው ይሻላል»። አማካሪ ሆነን ነው ያደግነው። ስለ በሩ የሚያወራ ሰው ከመጣ ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ከኦዳ ቡልቱም ሥር

ከጭሮ በበዴሳ በኩል ወደ ገለምሶ ስትሄዱ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ። እዚያ ያለው ሥርዓት ሥልጣንን በስምንት ዓመት ያስረክባል። ተክለ ሐዋርያት አዲሱን ከተማ ሲቆረቁሩ ይህ ሥርዓት ከ1879ኙ የጨለንቆ ጦርነት ወዲህ በመጣው አገዛዝ ተዳክሞ ነበር፤ ግን ከኩኒም ከአሰበ ተፈሪም ሩቅ አልነበረም። የሽግግር ጥያቄ እንቅልፍ የነሣው ሰው፣ የሽግግር መልስ ያለበት ዛፍ አጠገብ ከተማ ሠራ፤ ለሕገ መንግሥቱ ግን አርአያ የፈለገው ቶኪዮ ነው።

የዚህን ጽሑፍ መጀመሪያ ስጽፍ እዚህ ጋ ላቆም ነበር። «መልሱ አጠገባችን ነበረ» ብዬ በጭብጨባ ልጨርስ። ደግሜ ሳነበው ግን አልተዋጠልኝም። ገዳን እንዲህ አድርጎ ማቅረብ ኢያሱን ጀግና እንደማድረግ ነው፤ ፍርዱን መገልበጥ እንጂ መመርመር አይደለም። የገዳ ሥልጣን የወንዶች ነበር፤ ሴቶች በሲንቄ በኩል የራሳቸው ድምፅ ቢኖራቸውም በተራው ውስጥ አልነበሩም። በትውልድና በዕድሜ የሚሄድ ተራ የማይገጥማቸው ሰዎችም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ ስለ መዘገበውም ከጥያቄ አያመልጥም።

ቢሆንም አንድ ነገር አለው፣ እሱን አልለቅም። ገዳ ላይ የሚወጣ ሰው የሚወርድበትን ዓመት ከመውጣቱ በፊት ያውቀዋል። ሌላውም ያውቀዋል። ጥሩ ቢሆንም ይወርዳል፣ መጥፎ ቢሆንም ይወርዳል፤ ለመውረዱ ጠባዩን መፍረድ፣ መሐላ ማፍረስ፣ «ሰልሟል» ማለት አያስፈልግም። የወረደው ሰውም አይታሰርም፤ ቤቱ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይሆናል። ከአምባ ግሸን ጀምሮ እስከ 1967 በተነበበው ሁሉ ውስጥ ያጣሁት ይህን ሰው ነው። ወርዶ ቤቱ የሄደ ሰው።

ስለዚህ ለኔ ቢጤ አንባቢ አንድ ሐሳብ አለኝ። ስለ ነገሥታት የተጻፈ ነገር ስታነቡ፣ የድሮ ዜና መዋዕል ይሁን ልብ ወለድ ይሁን የትላንትና ፖስት፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ይህ ሰው የሚወጣው በየት በኩል ነው?» ጸሐፊው መልስ ካለው እሰየው። ከሌለው፣ ያሞገሰውም የረገመውም ያንኑ አንድ በር ያለውን ቤት ነው።

ያን ቀን ማታ ጭሮ ስንገባ አባባ ከኔ ቀድመው ወረዱ። ዕቃቸውን ሳቀብላቸው «የት ነው የምታነበው እሱን መጽሐፍ?» አሉኝ። «ከተማውን የቆረቆሩት ሰውዬ የጻፉት ነው አባባ» አልኳቸው። ሽፋኑን አገላብጠው አዩትና «ታዲያ ምን ይላል?» አሉ። በአጭሩ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ስለ ኢያሱ፣ ስለ ተፈሪ፣ ስለ ሕጉ። ዝም ብለው ሰሙኝና መልሰው ሰጡኝ። «ማን እንደነገሠማ እናውቃለን ልጄ» አሉ፣ «ለሊቱን በሰላም ያሳደረን ማን እንደሆነ ነው የማይጻፈው።» ከዚያ ባጃጅ ጠርተው ሄዱ።

እቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።